እስክሪብቶው የቆመባት መስመር

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ጥያቄ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ካለው ነጋዴ የጦር መሣሪያ የሚገዛ ሰው ሁሉ በሚሞላው፣ 4473 በሚባለው የፌዴራል ቅጽ ላይ ስላለች ጥያቄ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ አውሮራ፣ ኮሎራዶ፣ ሱቅ ያለው አንድ ወዳጄ ሁለት ጊዜ ተዘርፎ ሽጉጥ ለመግዛት ቆርጦ ተነሣና አብሬው ሄድኩ። ስሙንና የትውልድ ቀኑን እየሞላ ወርዶ አንድ መስመር ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ጥያቄዋ ማሪዋና ወይም ሌላ ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ በሕገወጥ መንገድ ትጠቀማለህ ወይ የምትል ስትሆን፣ ማሪዋና በምትኖርበት ግዛት ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ ግን ክልክል እንደሆነ የሚያሳስብ ማስጠንቀቂያም ተጽፎባት ነበር። ወዳጄ ማሪዋና ቀምሶ አያውቅም። ነገር ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጫትስ ይቆጠራል እንዴ?» አለኝ።

ሣቄ ቢያመልጠኝም ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተመዘገበ ነው። አገር ቤት ጫት ወደ ውጭ የሚላክ ሸቀጥ ሲሆን፣ ጦር መሣሪያ ግን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ አይያዝም፤ እዚህ ነገሩ ተገላብጦ ጠበቀን።

ከዚያን ቀን ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። ዕፅ ተጠቃሚ መሣሪያ እንዳይዝ የሚከለክለው ሕግ እ.ኤ.አ. የ1968 ነው። በ1993 በወጣው የብሬዲ ሕግ መሠረት ደግሞ ከ1998 ጀምሮ የገዢው ታሪክ በኤፍ.ቢ.አይ. ሥርዓት ይጣራል። አጣሪው የሚያየው ግን መዝገብ እንጂ ሰው አይደለም፤ መዝገቡም ቢሆን በጊዜው ካልተገኘ የለም ማለት ነው። በ2015 በቻርለስተን ኢማኑኤል ቤተ ክርስቲያን 9 ሰዎችን የገደለው ወጣት ቀደም ሲል ዕፅ ይዞ መገኘቱን ለፖሊስ አምኖ ነበር፤ ይህም መሣሪያ እንዳይገዛ ሊያግደው ይገባ ነበር። አጣሪዋ ሰነዱን ሳታገኘው ለማጣራት በሕግ የተሰጡት ሦስት የሥራ ቀናት አለፉ፤ ቀኑ ካለፈ ሻጩ እንዲሸጥ ሕጉ ስለሚፈቅድለት ሸጠለት። ስህተቱን በአደባባይ ያመኑት የዚያን ጊዜው የኤፍ.ቢ.አይ. ዳይሬክተር ጄምስ ኮሚ ናቸው።

የኛው ከተማ ታሪክ ደግሞ ሌላውን ጎን ያሳያል። ሐምሌ 2012 እዚህ ሲኒማ ቤት ውስጥ 12 ሰዎችን የገደለው ሰው መሣሪያዎቹን የገዛው ተጣርቶና አልፎ ነበር፤ ምንም መዝገብ አልነበረበትም። በዚያው ዓመት ኅዳር የኮሎራዶ መራጮች ማሪዋናን ፈቀዱ፤ በማግስቱ ዓመት ምክር ቤቱ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የመሣሪያ ሽያጭም እንዲጣራ ደነገገ። አንዱን ገመድ ሲያላሉ ሌላውን አጠበቁ፤ ሁለቱ ገመዶች 4473 ላይ እንደሚተሳሰሩ ግን በክርክሩ መሐል ሲነሣ አልሰማሁም።

እኔ የማጣራቱ ደጋፊ ነኝ፤ እንዲያውም ሦስቱ ቀን ያንሳል እላለሁ። ይህችን ጥያቄ ግን አልደግፋትም፤ በእውነት የሚመልሰውን ሰው አስቀርታ ዋሾውን ታሳልፋለችና። ውሸቱ የሚያስከስስ ወንጀል መሆኑ እውነት ነው፤ የያኔው ፕሬዚዳንት የጆ ባይደን ልጅ ሃንተር ባይደን በ2024 በዴላዌር ጥፋተኛ የተባለው በዚህችው ጥያቄ ሰበብ ነው፤ ዓመቱ ሳያልቅም አባቱ ምሕረት አደረጉለት። ምሕረት የሚያደርግ አባት የሌለው ባለ ሱቅ ግን ምን ይሁን? ሰክሮ መንዳት እንደሚከለከለው ሁሉ፣ በዕፅ ደንዝዞ መሣሪያ መያዝ ቢከለከል ይገባኛል።

ወዳጄ ከሁለት ወር በፊት ሠርግ ላይ መቃሙን አስታውሶ ቅጹን ሳይጨርስ መለሰ። ሻጩ አልተገረመም፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ከባንኮኒው ሥር ካለ ቅርጫት ጨመረው። ከመንገዱ ማዶ፣ አረንጓዴ መስቀል የተሰቀለበት የማሪዋና መደብር በር ላይ ሰዎች መታወቂያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ወዳጄ ጥቂት አያቸውና መኪናውን አስነሣ፤ ዛሬም ድረስ ከገንዘብ መቀበያው ሥር ያለው የቤዝቦል ዱላ ነው።