«ይወድቅ የለ?» ለምትሉ ወላጆች

ሰላም አለይኩም፣ እንደምን አረፈዳችሁ ወላጆች። በዚህ በደሴ ብርድ፣ ያውም ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤታችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፣ ቡናው ሳይፈላ እጨርሳለሁ።

እዚህ ከተማ ጥርስ ሳክም በየቀኑ የምሰማው ነገር ቢኖር «የወተት ጥርስ አይደል እንዴ፣ ይወድቅ የለ፣ ንቀለውና ይገላገል» ነው። አዎ ይወድቃል፣ 20ውም ይወድቃሉ፣ እኛም ልጅ ሆነን ጣራ ላይ ወርውረናል። ግን መቼ? የፊቶቹ 6 ወይ 7 ዓመት ላይ ይነቃነቃሉ፣ የኋላ መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10፣ 12 ዓመት መቆየት አለባቸው ምክንያቱም ከስር ለሚመጣው ጥርስ ቦታ ይዘው እየጠበቁለት ነው፣ ሚኒባስ ላይ ፌስታል አስቀምጠን ለሰው ቦታ እንደምንይዘው በሉት። በ5 ዓመቱ ከተነቀለ ጎረቤቱ ቀስ እያለ ወደ ክፍተቱ ይንሸራተታል፣ ባለቦታው ሲመጣ ሞልቷል፣ ወይ ከመስመር ወጥቶ ይበቅላል ወይ እዛው አጥንት ውስጥ ይቀራል። ይሄ የኔ ክራንቻ እንዲህ ተደርቦ የቀረው በዚሁ ነው፣ ስስቅ እዩት።

ደግሞ 6 ዓመት አካባቢ ምንም ሳይወድቅ ከሁሉም ኋላ አንድ መንጋጋ ብቅ ይላል፣ የወተት መስሏችሁ ሲበሰብስ ዝም ትላላችሁ፣ ቋሚ እኮ ነው! ሌላ አይተካም።

የሕፃናቱን ነገርማ ሳልናገር አልወርድም። ተቅማጥ ሲይዛቸው «ጥርሱ ነው» ተብሎ ድዳቸው እየተቀደደ ክራንቻቸው ይነቀላል፣ የወጣውንም ነጭ ነገር «ትል ነው» ይሉታል። ያ ነጭ ነገር ትል አይደለም ወገን፣ ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው፣ ከአጠገቡም የቋሚው እንቡጥ ስላለ አብሮ ይጎዳል። ለተቅማጡ ኦአርኤስ አጠጡና ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ጥርስ የሚያስተካክለውን ሽቦ፣ ማለቴ ብሬሱን፣ ሁሉም ይጠይቀኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰረው ቋሚዎቹ ሲወጡ፣ 11፣ 12 ዓመት ላይ ነው፣ ሽቦው ጥርሱን ሲገፋው አጥንቱ ባንድ በኩል እየሟሟ በሌላው እየተሠራ ስለሚሄድ ነው ዓመት ተኩል ሁለት ዓመት የሚፈጀው፣ በጉልበት አይሆንም። መታየት ግን 7 ዓመት ላይ ነው፣ የመንጋጋ አጥንቱ ገና እያደገ ስለሆነ ሲነክስ የተዛነፈበትን ያኔ ማስተካከል ይቀላል።

በሉ ባትሪ ይዣለሁ፣ 7 የሞላቸውን ከፊት አሰልፉልኝ፣ እስካሁን ጣቱን የሚጠባ ካለም አትደብቁት፣ አልቆጣውም።