የሳምቡሳው ጫፍ

እንደምን አመሻችሁ። አሰላሙ አለይኩም። የጦሳ ተራራን ብርድ ችላችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት አምስት ደቂቃ ተሰጥቶኛል። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ አትስጉ።

ዛሬ የምናየው የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ነው። በ2007 ዓ.ም. ግንቦት ፈረንሳይ፣ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ሲታይ፣ በፌስቲቫሉ ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። ኤፍሬም የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ፤ እናቱን ረሃብ ነጥቆታል። አባቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲሄድ ልጁን ደጋ ያሉ ዘመዶች ዘንድ ይተወዋል። ኤፍሬም በጉን ቹኒን ይዞ ይሄዳል። አጎትየው ግን ለመጪው በዓል ቹኒን ታርዳለህ ይለዋል።

ለወሎ ሰው ስለ ረሃብ አይነገረውም። 1966ን ያየ፣ 1977ን ያየ እዚሁ መካከላችን ተቀምጧል። ፊልሙም የሚጀምረው እናትየዋ ከሞተች በኋላ ነው። ከእሷ የቀረው የልጁ እጅ ነው። ወጥ መሥራት ያውቅበታል። አጎቱ ወንድ ልጅ ምን አገባው ከማጀት ባይ ነው። እሱ ግን ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ይወጣል፤ ወደ ቤቱ መመለሻ ገንዘብ ሊያጠራቅም።

እኔን የያዘኝ እዚህ ጋ ነው።

እናቴ የሞተች ጊዜ ሁሉንም ቅሬው፣ ዕድራችን፣ ቻለው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ንፍሮው፣ ሁሉም በሰዓቱ። ሰው ሁሉ «አብሽር» አለኝ፤ እኔም አበሸርኩ። እንባ እምቢ አለኝ። እውነቱን ለመናገር አፍሬም ነበር። ከአምስት ወር በኋላ ረመዳን ገባ። ጎረቤታችን እማማ ለማፍጠሪያ ከጠበሱት ሳምቡሳ በሳህን ሸፍነው አመጡልኝ። እኛ ክርስቲያን ነን፤ ደሴ ላይ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ከፈትኩት። የእያንዳንዱ ሳምቡሳ ጫፍ በጥፍር ሦስት ቦታ ጫን ጫን ተደርጓል። ምስሩ ዘይት ውስጥ እንዳይበተን እንደዚያ የምታደርገው እናቴ ነበረች። ስንት ዓመት አብረው ሲጠቀልሉ የእሷ እጅ ወደ እሳቸው አልፏል። ሳህኑን እንደያዝኩ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እሳቸው አብሽር አላሉኝም። «ይቀዘቅዛል፣ ብላ» ነው ያሉኝ።

የኛ ፊልሞች ሊያስለቅሱን ሲፈልጉ ሙዚቃ ይጨምራሉ፣ ዝናብ ይጨምራሉ፣ የሆስፒታል አልጋ ይጨምራሉ። አልነቅፍም፤ እኔም አልቅሼባቸዋለሁ። ግን ቤታችሁ ሐዘን የገባ ቀን ከጀርባ ሙዚቃ ሰምታችኋል?

እንግዲህ ዛሬ የልጁን እጅ እዩልኝ። በጉን ሲዳብስ እዩት፤ ድስቱ ጋ ሲሆን እዩት።

ስትወጡ በር ላይ ሳምቡሳ አለ። የጠበሱት እኚያው ጎረቤታችን ናቸው። ወንድሜ፣ መብራቱን አጥፋልን።