መሲንቆ የለመደ ጆሮ፣ ብሉዝ የሚማር እጅ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና ጊታሬ ብቻ ነን። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁን ታገሡኝ።

ሰሞኑን የተጠናወተኝ ብሉዝ ነው፣ የጥቁር አሜሪካውያኑ ሙዚቃ፤ ያውም ባለ 12 ባሩ (ባር ማለት እዚህ አራት ምት የያዘ ክፍል ነው)። ቅርጹ እንኳ ብዙ አያስቸግርም። በኢ ቁልፍ፣ ማለትም ኢን መነሻና ማረፊያ አድርጎ፣ ሦስት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ይበቃል። አራት ባር ኢ ሰቨን፣ ሁለት ባር ኤ ሰቨን፣ ሁለት ባር ተመልሶ ኢ ሰቨን። ከዚያ አንድ ባር ቢ ሰቨን፣ አንድ ባር ኤ ሰቨን፣ የቀሩት ሁለቱ ኢ ሰቨን ሆነው መጨረሻቸው ላይ ቢ ሰቨን ብቅ ይልና ወደ መጀመሪያው ይመልሳችኋል። በኢ መጀመር የሚመከረውም በከንቱ አይደለም። ወፍራሙ ስድስተኛ ክር ኢ፣ አምስተኛው ኤ ነው፤ ግራ እጅ ሳይነካቸው አውራ ጣት ቤዙን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ይመታል።

ዜማውም ለኛ ሩቅ አይደለም። ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ ብላችሁ ተጫወቱት፤ ከኛው ቅኝቶች አንዱ፣ ባቲ ማይነር ነው! የብሉዝ ተጫዋቾች በኤ እና በቢ መሃል ቢ ፍላትን (ከቢ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለውን) ጣል ያደርጉና ያሳምሙታል።

ጉዱ የሚመጣው ስዘፍን ነው። እኔ ያደግሁት የጎጃም አዝማሪ እየሰማሁ ነው። አዝማሪው ሲዘፍን መሲንቆው ድምፁን እግር በእግር ይከተለዋል፤ ዜማው ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል። የኔም ጣቶች ይህንኑ ይፈልጋሉ። አፌን ስከፍት አውራ ጣቴ ቤዙን ትቶ ዜማዬን ማሳደድ ይጀምራል። ብሉዝ ላይ ግን ጊታሩ መልስ ሰጪ ነው። በአራት ባር ውስጥ ድምፃችሁ ሁለት ያህሉን ይወስዳል፣ የተረፈው የጊታሩ ነው። የብሉዝ ዘፋኝና ጊታሪስቱን ቢ ቢ ኪንግን ልብ ብላችሁ ስሙት፤ እሱ ሲዘፍን ጊታሩ ዝም ይላል፣ መስመሩን ሲጨርስ ይመልሳል። እርግጥ እሱ ከኋላው ባንድ ነበረው። በ1936 እና በ1937 እ.ኤ.አ. የተቀዳው የብሉዝ ሰው ሮበርት ጆንሰን ግን ብቻውን ነበር፤ ቤዙንም መልሱንም የሚጫወተው ራሱ ነው። እሱን ስሰማ ጊታሬን መስቀል ያምረኛል።

ግጥሙ ሦስት ስንኝ ነው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ድግም። በአማርኛ የሞከርኳትን ልበላችሁ፦

ደጀን ላይ አደርኩኝ፣ መኪናችን ቢቆም፤
ደጀን ላይ አደርኩኝ፣ መኪናችን ቢቆም፤
አንቺ ካልጠበቅሽኝ፣ መድረሴም አይጠቅም።

የኛ ሰው ቤት የሚመታ ግጥም ስለሚወድ ሦስተኛዋን እስክትመጣ ይጠብቃል። ድግሙ ደግሞ ለዘፋኙ ፋታ ነው። አዝማሪ ቤት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ፣ አዝማሪው እየደገመ ቀጣዩን እንደሚያደምጠው ማለት ነው። እዚህ ግን ሰጪውም ተቀባዩም አንድ ሰው ነው።

አሁን የያዝኩት ዘዴ ኮርዱን ሁሉ ትቶ ቤዙን ብቻ መምታት ነው። አውራ ጣቴ ወፍራሟን ክር እየመታ፣ በላዩ መጀመሪያ ወሬ አወራለሁ፤ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ መብራት መጥፋት። ጣቱ ሳይሰናከል ማውራት ከቻልኩ በኋላ ነው የምዘፍነው። ጎረቤቶቼ ምን እንደሚሉ አልጠየቅኋቸውም።

ኢ እና ኤ ላይ ተሳክቶልኛል። ቢ ሰቨን ግን አራት ጣት ይፈልጋል፤ ያውም የሚመጣው ልክ ሦስተኛዋ ስንኝ ስትጀምር ነው። እዚያ ላይ አሁንም ድምፄ ይጠፋል። የምታውቁት መላ ካለ ላኩልኝ፣ ሳምንት አብረን እንሞክረዋለን። ደህና ሰንብቱ።