ጠረኑ የቆሻሻ ምልክት አይደለም

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማነሳው ጉዳይ እናትና ልጅ እንኳ ተቀምጠው የማይነጋገሩበት ነው፤ በሴት ብልት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሚዛን ሲዛባ ምን እንደሚሆን፣ ከማህፀን በር በሽታስ ጋር ምን እንደሚያገናኘው። ሴት ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ካሉ ድምፁን አትቀንሱት።

ጤነኛ ብልት ከባክቴሪያ የጸዳ አይደለም። ሚዛኑ በተጠበቀ ጊዜ ላክቶባሲለስ የሚባሉት ይበዙበታል። ወተቱን እርጎ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች ዘመዶች ናቸውና፣ እንደ እነርሱ ላክቲክ አሲድ እያመረቱ አካባቢውን ያጎመዝዙታል፤ የፒኤች መጠኑ (አሲድ ሲበዛ ዝቅ የሚለው መለኪያ) ከ4.5 በታች ይወርዳል። ብዙ ጎጂ ተህዋስያን በዚያ አሲድ ውስጥ መራባት ያቅታቸዋል። ላክቶባሲለሶቹ ሲመናመኑ ጋርድኔሬላና ፕሬቮቴላን የመሳሰሉት ሌሎች ባክቴሪያዎች ቦታውን ይይዙታል። ስስ፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ ፈሳሽ ይመጣል፤ በተለይ ከግንኙነት በኋላ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ግማሽ ያህሎቹ ሴቶች ግን ምንም ምልክት አያዩም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ጠረኑን ያስተዋለች ሴት መጀመሪያ የምትወነጅለው ራሷን መሆኑ ነው። አልጸዳሁም ብላ ሳሙና ታነሳለች። ሎሚ የምትጨምርም፣ ጨው የምትበጠብጥም አለች። ወደ ውስጥ ዘልቆ መታጠብ ደግሞ የቀሩትን ጠባቂዎች ጠራርጎ ይወስዳል። ጠረኑ ይብሳል፤ እርሷም መልሳ ትታጠባለች።

አንድ ጊዜ ከጓደኛዬ ጋር መድኃኒት ቤት ሄድን። ከኋላችን ወንዶች ተሰልፈው ነበር። ተራዋ ሲደርስ ዓይኗን መስታወቱ ላይ ተክላ «የራስ ምታት መድኃኒት» አለች፤ ፓራሲታሞሏን ይዛ ወጣች። ሌላ ቀን ደፍራ ስትጠይቅ ያለ ምንም ምርመራ የፈንገስ ቅባት ተሰጣት። ፈንገስ በአብዛኛው የሚያሳክክና ወፍራም ነጭ ፈሳሽ ያለው ሌላ ችግር ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ወሩን ሙሉ ስትቀባ ከረመች።

ወደ ማህፀን በር ልምጣ። የማህፀን በር ካንሰር መነሻው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው። የባክቴሪያ መዛባት ያለባት ሁሉ ካንሰር ይይዛታል ማለት አይደለም፤ ይህን የምትሰማ እህቴ እንቅልፍ እንድታጣ አልፈልግም። ቫይረሱ ከሚይዛቸው ሴቶች የአብዛኞቹ ሰውነት በ2 ዓመት ገደማ ያስወግደዋል። አደጋው ሰንብቶ ሲቀር ነው፤ ባክቴሪያዎቹም ጣልቃ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ቦታውን የወረሱት ተህዋስያን የሚያመነጩት ኢንዛይም የማህፀን በርን የሚጠብቀውን ንፍጥ ያሳሳዋል፤ አካባቢው ይቆጣል፤ ቫይረሱም መግቢያና መሰንበቻ ያገኛል። ሚዛኑ በተዛባባቸው ሴቶች ላይ ቫይረሱ ዘግይቶ እንደሚለቅ፣ የቅድመ ካንሰር ለውጥም በብዛት እንደሚታይ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

በአገራችን የማህፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃ ነው። በ2018 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባት ተጀምሯል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላለን ደግሞ ምርመራው አያስፈራም፤ ባለሙያዋ ኮምጣጤ ውስጥ ያለውን አሴቲክ አሲድ የማህፀን በሩ ላይ ቀብታ ጥቂት ትጠብቃለች፤ የተለወጠ ህዋስ ካለ ቦታው ይነጣል። ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ይታከማል። ለፈሳሽ ጤና ጣቢያ የሄደች ሴት ይህንንም ጠይቃ ብትመለስ ምንኛ ደስ ባለኝ!

የባክቴሪያው መድኃኒት ሜትሮኒዳዞል ነው፤ በአብዛኛው ለ7 ቀን ይወሰዳል። ችግሩ ተመላልሶ መምጣቱ ነው፤ ከታከሙት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ በዓመት ውስጥ ያገረሻል። በ2025 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ግን ተስፋ ሰጥቶኛል። የወንድ አጋሮቻቸውም ለ7 ቀን ክኒን የዋጡላቸውና ቅባት የተቀቡላቸው ሴቶች ላይ በ12 ሳምንት ውስጥ ያገረሸው በ35 በመቶው ነው፤ ብቻቸውን በታከሙት ላይ ግን በ63 በመቶው። ስንት ሴት ነች ለዓመታት ብቻዋን ስትታከም፣ ብቻዋን ስታፍር የኖረችው? ባሎች ሆይ፣ ሚስቶቻችሁ ለዚህ ሕክምና ሲሄዱ አብራችሁ ሂዱ፤ ለእናንተም መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን እናንተው ጠይቁ።