ሳጥኑ ውስጥ የተገኘው ጥቁር ዓሣ

እሺ... ባለፈው ክፍል ታዛዋ ሐይቅን ሳወድስ ውበቱ ላይ ብቻ ቀረሁ፤ ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። 423 ሜትር ጥልቀት፣ ከጃፓን አንደኛ። ሰማያዊነቱ፣ ዳሩ ላይ የቆመው ወርቃማው የታትሱኮ ሐውልት... ሁሉም እውነት ነው። ውስጡስ?

በ1940 እ.ኤ.አ. ለኤሌክትሪክና ለመስኖ ሲባል የታማ ወንዝን ጠልፈው አስገቡበት። ወንዙ ከፍልውሃ የተነሣ አሲድ ይዞ ይመጣል። በዚያ ሐይቅ ብቻ ይኖር የነበረው ኩኒማሱ የተባለ ዓሣ አለቀ።

አሁን ሳጥኑን አስቡት። 2010 ነው። የኪዮቶው ፕሮፌሰር ናካቦ፣ ዓሣ በመሣልና በዓሣ እውቀቱ የታወቀውን ሳካና-ኩንን «ኩኒማሱን ሣልልኝ» ይሉታል። ዓሣው ስለሌለ ዘመዱን ሂሜማሱን ከየሐይቁ ያስመጣል። ከፉጂ ተራራ ሥር፣ ከሳይ ሐይቅ የመጣው ሳጥን ይከፈታል። ሂሜማሱ ብርማ ነው፤ እነዚህ ግን... ጥቁር። ስንጥባቸውን፣ አንጀታቸውን፣ ዲኤንኤያቸውን መረመሩ። ኩኒማሱ! ለካ በ1935 መቶ ሺህ እንቁላል ወደዚያ ተልኮ ነበር።

ግን የሳይ አጥማጆች እኮ ያውቁታል! «ጥቁር ማሱ» እያሉ ያጠምዱታል፣ ይበሉታል። ታዛዋ ላይ «ኩኒማሱን ላገኘ 5 ሚሊዮን የን ሽልማት» ተብሎ ሲታወጅ፣ እነሱ ምሳቸው ላይ ነበር። ታዲያ «ጠፋ» ያልነው... ለማን ነው የጠፋው?

ሳይ ሐይቅ ልታጠምዱ የምትሄዱ፣ የሂሜማሱ ወቅት ፀደይና መኸር ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ፈቃድ ግዙ። ክሩ ቀጭን፣ መንጠቆው ትንሽ፣ ትሉ ቀይ የተነከረ ይሁን። ዓሣው የሚፈልገው ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ላዩ ሲሞቅ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ እስኪነክስ ድረስ ክሩን ሜትር በሜትር እያወረዳችሁ ሞክሩ። ሲይዝ አትንጠቁት! አፉ ስስ ነው፣ ይቀደዳል። የክር መጠቅለያውን ፍሬን አላሉት፤ ጀልባው ጋ ሲደርስ በመረብ ከሥር ተቀበሉት፤ ብዙው የሚያመልጠው እዚያ ነው። ለኩኒማሱ የተከለለውን ቦታ አትድፈሩ፤ ጥቁረቱ የሚወጣው ለመራባት ሲደርስ ስለሆነ ልጅነቱን በዓይን ከሂሜማሱ መለየት ከባድ ነው። ደግሞ ኔንባ መንደር ድረስ ዝለቁ፤ ከሣር ክዳኖቹ ጀርባ ፉጂ ይታያል። በ1966 አውሎ ነፋስ ያመጣው ናዳ ያጠፋው መንደር ነው፣ እንደገና የተሠራ። ይሄም ተመልሶ...

ተዉት። ታዛዋ ላይ የሚገባውን አሲድ በኖራ ድንጋይ ያለዝቡታል፤ ውሃው ግን ዛሬም ለኩኒማሱ አይሆንም። ቢስተካከል ይመልሱት? አዎ፣ አገሩ ነው። ግን ያን ሁሉ ዘመን ያቆየው የሳይ ውሃስ... እዚያም እኮ ሠላሳ አርባ ሜትር ወርዶ፣ በክረምት፣ በዚያ ብርድ እንቁላሉን ይጥላል፣ ማንም ሳያየው...