የእንግዳ ድምፅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ አንድ የምርጫ ታሪክ አለ፤ እሱን ላጫውታችሁ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2011 ነው። አገሩ ካናዳ። ሩት ኤለን ብሮሶ የምትባል የ27 ዓመት ሴት የፓርላማ አባል ሆና ትመረጣለች። ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ናት። ኦታዋ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ባለ አንድ መጠጥ ቤት ረዳት ሥራ አስኪያጅ ነበረች። ፓርቲዋ ግራ ዘመሙ ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ፣ በአጭሩ ኤንዲፒ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ በሆነው የካናዳ ክፍለ ሀገር በኬቤክ ያለ ዕጩ የሚቀር ወረዳ እንዳይኖር ብሎ ነው ስሟን ያስመዘገበው። ታሸንፋለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። በቅስቀሳው መሀል እንኳ ቀድማ ላቀደችው ጉዞ ላስ ቬጋስ ሄዳለች። የተወዳደረችበትን ወረዳ ረግጣው አታውቅም። የወረዳው ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነው፤ የእሷ ፈረንሳይኛ ደግሞ ገና ነበር። ከ5,000 በሚበልጥ ድምፅ አሸነፈች።

ይህን የሰማ ብዙ ሰው ይስቃል። እኔን ግን አላሳቀኝም። እነዚያ መራጮች ሞኞች አልነበሩም። ለዓመታት የኬቤክን መገንጠል የሚደግፈውን ፓርቲ፣ ብሎክ ኬቤክዋን፣ ሲመርጡ ኖረዋል፤ ሰለቻቸው። በሌላ በኩል ጃክ ሌይተንን አዩ። የኤንዲፒው መሪ የዳሌ ቀዶ ሕክምና አድርጎ፣ ከዘራ ይዞ እየዞረ ይቀሰቅስ ነበር። ወደዱት። ኬቤክ ውስጥ 1 መቀመጫ ብቻ የነበረው ፓርቲ በአንድ ሌሊት ከ75ቱ 59ኙን ወሰደ። በአገር ደረጃ 103 አገኘና ለመጀመሪያ ጊዜ ዋናው ተቃዋሚ ሆነ። ብሎክ 4 መቀመጫ ብቻ ቀረው፤ መሪው ዢል ዱሴፕ የራሱን ወንበር እንኳ አጣ።

አራት ወር ሳይሞላ፣ ኦገስት 22፣ ሌይተን በካንሰር ሞተ። 61 ዓመቱ ነበር።

ይህን ሳስብ ልቤ ይከብዳል። ሰዎቹ የመጡት እሱን ብለው ነው። ቤቱ ሞልቶ፣ የጋበዛቸው ሰው ግን የለም።

እኔ ያንን ድምፅ የእንግዳ ድምፅ እለዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ ደስ ይላል። ግን ቤተሰብ አይደለም። ውሃው የት እንዳለ አያውቅም። ምን አመጣህ፣ ምን ጎደለህ ብሎ የሚጠይቀው ካላገኘ፣ ሌላ በር የተከፈተ ቀን ይሄዳል፤ ተጣልቶ ሳይሆን እንዲሁ። ያልታሰበ ድል ያገኘ ፓርቲ ትልቁ ስህተቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ድምፁን ቆጥሮ የእኔ ነው ይላል። ሐሳቤን ወደዱት ይላል። ምናልባት ሐሳቡን አላነበቡትም። ምናልባት የሌላው አስተዳደር አንገሽግሿቸው ነው። ማንም አልጠየቃቸውማ!

በ2015 ኤንዲፒ ወደ ምርጫ የገባው በሕዝብ አስተያየት ጥናቶች እየመራ ነበር። መንግሥት ለመሆን አንድ እርምጃ የቀረው መሰለው። በጀቱን ሳላጎድል አስተዳድራለሁ ብሎ ጠንቃቃ ሆነ። ተፎካካሪው ሊበራል ፓርቲ ሰዎች ደግሞ ተበድረንም ቢሆን እንሠራለን ብለው በግራው በኩል አለፉት። ኤንዲፒ ሦስተኛ ወጣ። ከኬቤክ መቀመጫዎቹ 16 ብቻ ተረፉ። በ2019 ደግሞ 1። መነሻው ላይ ተመለሰ ማለት ነው።

አሁን ወደ ብሮሶ ልመልሳችሁ፤ ታሪኩን የምወደው በእሷ ምክንያት ነው። ወረዳዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ከተመረጠች በኋላ ነው። ሁሉም እየሳቀባት ሄደች። ፈረንሳይኛዋን አሻሻለች። ከገበሬው ጋር ተቀመጠች፤ የግብርና ጉዳይን የራሷ ሥራ አደረገችው። በ2015 የፓርቲዋ ሰዎች በየቦታው ሲወድቁ እሷ ልዩነቱን አስፍታ አሸነፈች። በ2019 ተሸነፈች፤ ያውም በጠባብ ልዩነት። በፓርቲ ስም ብቻ የተገኘ ድምፅ በአራት ዓመት ውስጥ በሰው ስም የሚሰጥ ድምፅ ሆኖ ነበር። ብቻዋን ግን ማዕበሉን አታቆመውም።

ሌላዋን የካናዳ ክፍለ ሀገር፣ አልበርታን፣ ሳልጠቅስ ብቀር ቅር ይለኛል። እዚያ የኤንዲፒ የክፍለ ሀገሩ ፓርቲ በ2015፣ በሬቸል ኖትሊ መሪነት፣ ከ4 መቀመጫ ወደ 54 ዘለለ። ከ1971 ጀምሮ ሲገዛ የነበረውን ወግ አጥባቂ ፓርቲ ጣለ። የተሸነፉት ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የወግ አጥባቂው ድምፅ ለሁለት ፓርቲ ስለተከፈለ እንደወደቁ ገባቸውና ሁለቱ ፓርቲዎች በ2017 ተዋሃዱ፤ በ2019 መልሰው ያዙት። የኖትሊ ፓርቲ 24 መቀመጫ ቀረው። እንደ ኬቤኩ ግን አልጠፋም። በ2023 ወደ 38 ወጣ። አራት ዓመት በሥራ ያየው ሰው ስለነበር ይመስለኛል፤ ሲሾም፣ ሲሳሳት፣ ሲወስን አይቶታል። ኬቤክ ላይ የነበሩት ግን ተቃዋሚ ወንበር ላይ ሆነው ምን አሳዩት?

በ2025 የፌዴራሉ ኤንዲፒ 7 መቀመጫ ይዞ ቀረ። ፓርላማው በይፋ እንደ ፓርቲ የሚያውቀው 12 ሲኖረው ነው። መሪው ጃግሚት ሲንግም የራሱን ወንበር አጣ።

እኔ የዚያ የ2011 ሌሊት ጭፈራ አይደለም የሚታየኝ። ማግስቱ ነው። 59 ወረዳ፤ አብዛኛው የፓርቲው ቢሮ የሌለበት። አንድ ሰው ደብተር ይዞ በር አንኳኩቶ፣ «ትናንት እኛን መርጣችኋል፤ ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይሉት ነበር? መልሱን መስማት በጣም እመኛለሁ።

በሚቀጥለው እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።