የክት እና የዘወትር

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ስለ ቁም ሳጥኔ ላወራችሁ ነው።

የምኖረው ደሴ ነው፣ የምሠራው ኮምቦልቻ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ደሴ ከፍታው ወደ 2500 ሜትር ነው፤ ኮምቦልቻ ከዚያ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ጠዋት ስወጣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰን ኮምቦልቻ ስንደርስ ሚኒባስ ውስጥ ያለው ሁሉ ጃኬቱን ያወልቃል። በአንድ ቀን ለሁለት አየር ነው የምለብሰው።

ለዓመታት መፍትሔው መግዛት ይመስለኝ ነበር። ለብርዱ አንድ፣ ለሙቀቱ አንድ። በሳልቫጅ በኩል ካለፍኩ ባዶ እጄን አልመለስም። ቁም ሳጥኑ ሞልቶ አልዘጋ እያለ፣ እኔ ጠዋት ጠዋት «ምን ልልበስ?» እያልኩ እቆማለሁ።

ባለፈው ወር ደመወዝ ዘገየ። አንድ እሑድ ያለኝን ልብስ በሙሉ አልጋ ላይ ዘረገፍኩት። ቆጠርኩት፤ 34። ከዚያ ውስጥ 11ዱ የክት ነው። ለሠርግ፣ ለበዓል ተብሎ የተቀመጠ። አንድ ቀን ብቻ የለበስኩትም አለ። ያኔ ነው የገባኝ። ልብስ አላጣሁም፤ የክቱንና የዘወትሩን እንዳይገናኙ አድርጌ ለያይቻቸው ነው።

ለአክስቴ ልጅ ሠርግ የለበስኩት የሐበሻ ቀሚስ አለ። ነጭ ነው፣ ታች ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ጥለት አለው። ለበስኩትና ጥቁር ሹራቤን ደረብኩበት። ሹራቡ የደረቱን ጥልፍ ሸፈነው፣ ቀሚሱ ጉርድ መሰለ። ከዚያ ጥለቱን ጠጋ ብዬ አየሁት። በአረንጓዴው መሃል ቀጭን ቡናማ ክር ገብቷል። እስከዛሬ አይቼው አላውቅም! ቡናማ ሻርፔን አመጣሁና አንገቴ ላይ ጣል አደረግኩት። አብረው የተገዙ ነው የሚመስሉት። አሁን ዘዴዬ ይሄው ነው። ብዙ ቀለም ካለው ልብስ ውስጥ ትንሿን ቀለም እፈልጋለሁ፤ ሌላውን ከእሷ ጋር አስማማለሁ።

እማዬ ስታየኝ «የክትሽን ለሥራ?» አለች። ቅር አላት። አልፈረድኩባትም። እናቷ በእንዝርት ስትፈትል እያየች ያደገች ሴት ናት፤ ጥበብ የስንት ቀን ድካም እንደሆነ ታውቃለች። ደግሞም እውነቷን ነው። በሁለተኛው ቀን ዝናብ ያዘኝና ፒያሳ ላይ ጭቃ ጥለቱን ነካው። በእጄ ሁለቴ አጥቤው ነው የለቀቀው። ክረምት ሲገባ ቀሚሱ ይቀመጣል፣ ተስማምተናል። በበጋ ግን ሳጥን ውስጥ ታጥፎ እንዲያረጅ አልፈልግም።

ሌላው ቀላል ነው። አበባ ያለበትን ከወጥ ጋር። ላዩ ሰፊ ከሆነ ታቹ ጠበብ ያለ። ለሐረጎ ደግሞ ከአንድ ወፍራም ሁለት ስስ ደራርቦ መልበስ ይሻላል፤ አንዱን አውልቆ ቦርሳ ውስጥ መክተት ይቻላል።

የአጎቴ ልጅ በ2009 በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ። አንድ ቀን ቁልፉ የረገፈ ሸሚዜን ልጥል ስል ከእጄ ቀማችኝ። «አንድ ሸሚዝ ስንት ሰው እጅ ላይ እንደሚያልፍ ብታዪ አትጥይውም» አለችኝ። ቁልፉን እዚያው ተክላ ሰጠችኝ። ሸሚዙን ዛሬም ለብሼዋለሁ፣ ከላይ ሰደርያ ጨምሬበት።

ከ34ቱ አንዷ ብቻ፣ የወይን ጠጅ ቀለም ያላት ጃኬቴ፣ እስካሁን አቻ አላገኘችም። ከሁሉም ጋር ሞከርኳት፣ እምቢ አለች። ትናንት ማታ እማዬ ዝም ብላ ስታየኝ ቆይታ ተነሳችና ሳጥኗን ከፈተች። የራሷን የክት ነጠላ አውጥታ የክፍሌ በር ላይ ሰቀለችልኝ። «እስቲ በዚህ ሞክሪያት» አለችኝ። ነገ ጠዋት ሁለቱን ለብሼ ሐረጎን እወርዳለሁ።